ዶሮ የገባበት አሎትመንት

በእንግሊዝ ከተሞች ዳር፣ ከባቡር ሐዲድ ጎን ወይም ከመኖሪያ ቤቶች ጀርባ፣ በአጥር ተከልሎ የተሸነሸነ መሬት ይታያል። አሎትመንት ይሉታል። ጓሮው የጠበበበት ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ከመዘጋጃ ቤት በዓመት ኪራይ ይወስድና ድንች፣ ጎመን፣ ቀይ ሽንኩርት ያለማበታል። የተለመደው ሙሉ ቁራጭ 250 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ መሬት ላይ ዶሮ ማርባት እንደሚቻል ግን ልብ የማይል ተከራይ ብዙ ነው።

መብቱ በ1950 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሎትመንት ሕግ ሰፍሯል። ተከራዩ ለቤቱ ፍጆታ ሴት ዶሮና ጥንቸል ማርባት፣ ማደሪያቸውንም መሥራት ይችላል፤ የኪራይ ውሉ ቢከለክል እንኳ ሕጉ ይበልጣል። አውራ ዶሮ አልተፈቀደም፤ ለንግድ ማርባትም እንዲሁ። ጤና የሚጎዳ ወይም ጎረቤት የሚያውክ ከሆነ ደግሞ መብቱ ይቀራል። ሕጉ ሲወጣ እንቁላል ገና በራሽን ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአንድ አዋቂ ድርሻ በሳምንት አንድ እንቁላል ነበር፣ ያውም ከተገኘ። ዶሮ ያለው ሰው የእንቁላል ድርሻውን ትቶ በምትኩ መኖ ይቀበል ነበር።

ዛሬ የመጀመሪያዎቹን ዶሮዎች የሚያመጣ ቤተሰብ ሁለት ምርጫ አለው። አንዱ መጣል ሊጀምሩ የተቃረቡ ቄቦችን መግዛት ነው። ሌላው ከትልልቅ እርባታዎች የሚወጡትን መቀበል ነው። እርባታዎቹ ዶሮን አንድ ዓመት ተኩል ሲሞላት፣ ምርቷ መቀነስ ሲጀምር፣ ያስወግዷታል። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ብሪቲሽ ሄን ዌልፌር ትረስት የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት እነዚህን እየተረከበ ለቤተሰቦች ያድላል። እኔ የምመክረው ሁለተኛውን ነው። በሽቦ ቤት ያደገች ዶሮ በሕግ የተመደበላት ቦታ 750 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ብዙም አይበልጥም። እንዲህ ያለችው ዶሮ አፈር ላይ ስትወርድ መጀመሪያ ትቆማለች። አንድ እግሯን ታነሳለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። ከዚያ ትጭራለች። ማንም ሳያስተምራት ደረቅ ትቢያ ፈልጋ በጎኗ ትጋደምና አፈሩን በክንፏ ወደ ላባዋ ትበትናለች፤ ተባይ የምታራግፈው እንዲህ ነው። ልጆች ይህን ሲያዩ ለቀናት ሌላ ወሬ የላቸውም።

ቆጥ መውጣት ግን ብዙዎቹ አያውቁም። በመጀመሪያው ምሽት ማደሪያው ጥግ ተጨናንቀው ይቀመጣሉ። ከጨለመ በኋላ አንድ በአንድ አንስቶ ቆጡ ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ዶሮ በጨለማ ስለማታይ አትታገልም፤ ጣቶቿ እንጨቱን እስኪጨብጡ ደግፎ መያዝ ይበቃል። ጥቂት ምሽት ሲደጋገም ራሳቸው ይወጣሉ። ቤታቸውን እንዲለምዱም የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከማደሪያቸውና ከአጥራቸው ሳይወጡ መቆየታቸው ጥሩ ነው።

ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ የሚጨነቁት ስለ ማደሪያው መልክ ነው። ከባዱ ነገር ግን በሩ ነው። አሎትመንት እንደ ጓሮ ከቤት ጋር የተያያዘ አይደለም፤ አትክልት ብቻ የነበረበት ቦታ ቅዳሜና እሑድ ይበቃው ነበር። ዶሮ ከገባችበት ቀን ጀምሮ ጠዋት የሚከፍት፣ ማታ የሚዘጋ ሰው ይፈልጋል። ቀበሮ በእንግሊዝ ከተሞች መሐል ጭምር ይኖራል። ቀጭን የዶሮ ሽቦ በጥርሱ ይበጥሳል፣ ከሥር ይቆፍራል። ስለዚህ ወፍራም መረብ ያስፈልጋል፤ ጫፉም መሬት ውስጥ ይቀበራል። ያም ሆኖ በሩ ክፍት ካደረ ሁሉም ከንቱ ነው።

ለእኛ አገር ሰው ይህ ቀላል ይመስላል፤ ክረምት ከበጋ ዶሮ ወደ ቆጧ የምትገባው 12 ሰዓት ገደማ ነውና። ለንደን ላይ ግን በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ በሰኔ ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ። የሥራ ሰዓት ከዚህ ጋር አይገጥምም። ሲመሽ ራሱ የሚዘጋ በባትሪ የሚሠራ በር ይሸጣል፤ ገንዘቡ ካለ ከጌጠኛ ማደሪያ በፊት እሱን መግዛት ይሻላል። ሌላው መፍትሔ ሁለት ሦስት ቤተሰብ ተጣምሮ ተራ መግባት ነው።

አንድ ሕግ ደግሞ አበሻን ያስገርማል። የእንጀራ ፍርፋሪና የተረፈ ቅቅል ለዶሮ መስጠት ክልክል ነው። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል በሚገባበት የቤት ወጥ ቤት ያለፈ ምግብ፣ የጎመን ልጣጭ እንኳ ቢሆን፣ በሽታ ያዛምታል ተብሎ ለዶሮ አይሰጥም። በቀጥታ ከመደቡ የተቀጠፈ ጎመን ግን ይፈቀዳል፤ አሎትመንት ያለው ሰው እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በእንግሊዝና በዌልስ አንዲት ዶሮ ያለችው ሰው ሳይቀር መመዝገብ አለበት፤ ምክንያቱ የወፍ ጉንፋን ነው።

ዋናው ምግባቸው ለጣይ ዶሮ የተዘጋጀ መኖ ነው፤ ለአንዷ በቀን 120 ግራም ያህል። አንድ እንቁላል ተሠርቶ እስኪያልቅ ከ24 እስከ 26 ሰዓት ይወስዳል፤ ከዚህ ውስጥ 20 ሰዓት ያህሉ የቅርፊቱ ነው። ለዚህ ነው የምትጥልበት ሰዓት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየዘገየ የሚሄደው፤ ለቅርፊቱ ሲባልም የተፈጨ የባሕር ዛጎል በተለየ ዕቃ ይቀርብላታል። ትኩስ ኩሳቸው ሥር ያቃጥላል፤ ከገለባ ጋር ተከምሮ ለወራት ከበሰበሰ በኋላ ግን ለጎመኑ ከሱ የሚሻል ማዳበሪያ የለም።

በመኸር ቀኑ ሲያጥር ዶሮዎቹ ላባቸውን ያራግፋሉ፣ መጣልም ያቆማሉ። አዲስ ጀማሪ ቤተሰብ ታመሙብን ብሎ ይደነግጣል። አልታመሙም፤ ምግባቸው ወደ አዲሱ ላባ እየሄደ ነው። ጤነኛዋ ዶሮ የካቲት ውስጥ ብርሃኑ ሲረዝም እንደገና ትጥላለች። እስከዚያው ድረስ እንቁላል ባይኖርም በሩ ጠዋት ይከፈታል፣ ማታ ይዘጋል።