ያገለገለ ካምቢዮ ከመግጠም በፊት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ምሳሌ ለመኪና ጥገናም የሚስማማ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለክቡራን መምህራን፥ ለወላጆችና ለጓደኞቼ ለማስረዳት ያሰብሁት፥ ያገለገለ ካምቢዮ በአሮጌ መኪና ላይ ከመግጠም አስቀድሞ ምን ምን መሰናዳት እንደሚገባው ነው። ነገሩን እንድመረምር ያስገደደኝ ችግር ነው። ቤተሰባችን የሚተዳደረው አባቴ በሚነዳው አሮጌ የላዳ ታክሲ ሲሆን፥ የታክሲው ሦስተኛ ማርሽ ቁልቁለት ላይ በራሱ እየወጣ ሞርቶ ይሆናል። አዲስ ካምቢዮ ለመግዛት አቅማችን ስለማይፈቅድ ያገለገለ ለመግዛት ቈርጠናል፤ ለዚሁ ያጠራቀምነው ገንዘብ ግን ለአንድ ጊዜ እንጂ ለሁለት ጊዜ አይበቃም።

በመጀመሪያ የካምቢዮን ጥቅም እንመልከት። ሞተር ደኅና አድርጎ ኃይል የሚሰጠው ፈጥኖ ሲዞር ነው። መኪና ከቆመበት ሲነሣ ወይም ዳገት ሲወጣ ግን ጎማው በዝግታና በብርታት መዞር አለበት። ካምቢዮ ትልልቅና ትንንሽ ማርሾችን እያገናኘ የሞተሩን ፍጥነት ወደ ጉልበት ይለውጣል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሞተሩ በማርሹ አማካይነት ጎማዎቹን ይይዛል። ማርሹ ከወጣ ይህ መያዣ ይጠፋና ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬንም አብዝቶ ሲግል ይደክማል። እንግዲህ ከእንጦጦ ተሳፋሪ ይዞ ለሚወርድ ሰው ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የነፍስም መሆኑን አንባቢ ይረዳዋል።

ላዳ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970 በሶቪየት ኅብረት፥ በቶልያቲ ከተማ መሠራት የጀመረና ከኢጣልያው ፊያት 124 የተቀዳ መኪና ነው። የመጀመሪያዎቹ ላዳዎች ባለ 4 ማርሽ ናቸው፤ ኋላ ግን ባለ 5 ማርሽም መጥቷል። ስለዚህ መርካቶ፥ ሶማሌ ተራ ከመውረድ በፊት የመኪናውን ሞዴልና የማርሹን ቍጥር ጽፎ መያዝ ይገባል። ባለ 4 ማርሽ ለነበረው መኪና ያንኑ ዓይነት መፈለግ ሥራን ያቀላል።

ካምቢዮውን ሲመርጡ አስቀድሞ የውጭውን አካል ማየት ነው። የተሰነጠቀ ወይም በብየዳ የተጠገነ ከሆነ መተው ይሻላል። የብሎን ማስገቢያዎቹም ጥርሳቸው ያልተበላ መሆን አለበት። ቀጥሎ የውስጡን ዘይት በጨርቅ ላይ ጠብ አድርጎ መመልከት ነው፤ ጥቂት ደቃቅ ዱቄት የዕድሜ ምልክት ሲሆን፥ የብረት ስብርባሪ ከተገኘ ግን የተሰበረ ጥርስ አለ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ፈተና እኔን እጅግ ደስ ያሰኘኝ ነው፤ ምክንያቱም የሒሳብ ትምህርት በገበያ መካከል ሲሠራ ስላሳየኝ ነው። በመጀመሪያው የላዳ ካምቢዮ አንደኛ ማርሽ ገብቶ የፊተኛው ዘንግ 15 ጊዜ ቢዞር፥ የኋለኛው 4 ጊዜ ያህል ይዞራል። በሦስተኛ ማርሽ 3 ጊዜ ሲዞር የኋለኛው 2 ጊዜ ያህል ነው። በአራተኛ ሁለቱም እኩል ይዞራሉ፤ በኋላ ማርሽ ደግሞ የኋለኛው ዘንግ በተቃራኒው ይዞራል። በሞርቶ ጊዜ የፊተኛው እየዞረ የኋለኛው በእጅ ቢያዝ መቆም አለበት። ዘንጉ ሲዞር የሚያጉረመርም ወይም ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀነቅ የሚወላለቅ ከሆነ፥ ኩሽኔታው አልቋል።

ሆኖም በእጅ ሲሞከር ደኅና የመሰለ ማርሽ ጭነት ሲያርፍበት ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ሻጩን አስፈቅዶ የታችኛውን ክዳን መክፈትና ማርሾቹን የሚያያይዙትን ትንንሽ ጥርሶች በባትሪ ብርሃን መመልከት ያስፈልጋል። ጫፋቸው ሹል ከሆነ መልካም ነው፤ ከዶለዶመና ከተድቦለቦለ ግን የአባቴ መኪና ያለበት በሽታ በዚያም አለ።

ካምቢዮ ማውረድ አድካሚ ስለ ሆነ፥ ከወረደ አይቀር አብረው የሚለወጡትን ቀድሞ መግዛት ብልኅነት ነው። እነዚህም የፍሪሲዮን ሸራ፥ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ፥ በሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ትንሽ ኩሽኔታና የካምቢዮው የፊትና የኋላ ፓራኦሊዮ ናቸው። የሞተሩ የኋላ ፓራኦሊዮም ዘይት የሚያፈስ ከሆነ ያን ጊዜ ይለወጣል፤ አለዚያ አዲሱ ሸራ በዘይት ተበላሽቶ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ቦታው ደልዳላ ይሁን። ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዱ፤ የባትሪው ነጌቲቭ ገመድ ይፈታ። መኪናው በጠንካራ የብረት ድጋፍ ላይ ይረፍ እንጂ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም ሰው አይግባ። ካምቢዮው ከ20 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ሁለት ሰው ያስፈልገዋል። የሚፈቱት ብሎኖች በየቆርቆሮው ተለይተው ስማቸው ይጻፍባቸው። ካምቢዮውንና ረዥሙን ዘንግ የሚያገናኘው ጎማም ከመፈታቱ በፊት ዙሪያውን በብረት ቀበቶ ቢታሰር፥ ሲመለስ በቀላሉ ይገባል።

ሸራው በቮላኖው መካከል ልክ መቀመጡን ለማረጋገጥ ከአሮጌ ካምቢዮ የወጣ የፊት ዘንግ ወይም በልኩ የተጠረበ እንጨት አስቀድሞ ይዘጋጅ። ካምቢዮው አልገባ ቢል በብሎን መጎተት አይገባም፤ ክብደቱም በዘንጉ ላይ እንዳይንጠለጠል ነው። መልሶ አውጥቶ ሸራውን ማስተካከል ይሻላል። በመጨረሻ ባለ 4 ማርሹ 1 ሊትር ከ350 ሚሊ ሊትር ያህል የማርሽ ዘይት ይጠጣል፤ ዘይቱ እስከ መሙያው ቀዳዳ አፍ ሲደርስ በቅቷል።

እኛ ሥራውን በክረምቱ ዕረፍት ከሰፈራችን መካኒክ ጋር ለመሥራት ቀን ቈርጠናል። ታክሲው በቆመበት ቀን ሁሉ እንጀራችን ስለሚቆም፥ አንድ ጠፍቶ የተገኘ ዕቃ የአንድ ቀን ገቢ ያስቀራል። ስለዚህ ወዳጆቼ ሆይ፥ እጃችንን ከማስገባታችን በፊት ዓይናችንንና እርሳሳችንን እናስቀድም።