የሮበርት የአያት ርስት

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት የውርስ ጉዳይ ሊያማክረኝ መጣ። አባቱ ከአያቱ ቀድመው ስለሞቱ፣ አክስቱ «ከአያትህ ንብረት ምንም አይደርስህም» ብለውታል። ተስፋ ቆርጦ ኖሮ፣ «አያቴ ለእኔ የተናዘዙበት ወረቀት ቢገኝስ?» አለኝ። «ቢገኝ» ያለበት አነጋገር አላማረኝም። ስለዚህ የሮበርትን ታሪክ አጫወትኩት። (የታሪኩ ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሮበርት በ1287 የተወለደ ፈረንሳዊ መኮንን ነው። አያቱ ዳግማዊ ሮበርት በሰሜን ፈረንሳይ የሚገኘው የአርቷ ግዛት ጌታ ነበሩ። አባቱ ፊሊፕ በጦር ሜዳ ቆስለው በ1298 ሞቱ። በ1302 ደግሞ አያቱ በኩርትሬ ጦርነት ወደቁ። ለውርሱ ሁለት ሰዎች ቀረቡ፤ አንዱ ወጣቱ ሮበርት፣ ሌላዋ የሟቹ ሴት ልጅ፣ አክስቱ ማኦ።

የልጅ ልጅ የሞተ አባቱን ተክቶ ይወርሳል? የክርክሩ ጭብጥ ይኸው ነበር። የአርቷ ልማድ መልሱ አጭር ነው፤ አይወርስም። ልጅ ከልጅ ልጅ ይልቅ ለሟች ትቀርባለችና ማኦ ወረሰች። ንጉሥ ፊሊፕ 4ኛም በ1309 ይህንኑ አጸኑ። ለሮበርት የደረሰው የቦሞን ለሮዤ ግዛት ነው።

በ1318 እንደገና ተረታ። ያን ጊዜ ንጉሡ ፊሊፕ 5ኛ ነበሩ፤ ሚስታቸው የማኦ ልጅ ናት። እኚሁ ንጉሥ ዙፋኑን የያዙት የወንድማቸው ልጅ «ሴት ናት» ተብላ ከተገፋች በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል። በዘውዱ ሴት አትወርስም፣ በአርቷ ግን ትወርሳለች! ሮበርት ቢያንገበግበው አይፈረድበትም።

በ1328 ዕድሉ የተመለሰ መሰለ። የሚስቱ ወንድም ፊሊፕ 6ኛ ነገሡ፤ በተከታዩ ዓመት ማኦ ሞተች። ሮበርት ክሱን ቀሰቀሰ፤ አያቱ ግዛቱን ለአባቱ ዘር ማውረሳቸውን ያሳያሉ የተባሉ ሰነዶችም አቀረበ። ሲመረመሩ ግን ሐሰተኞች ሆነው ተገኙ። ዣን ደ ዲቪዮን የምትባል ሴት ከእውነተኛ ሰነዶች ላይ ማኅተም እያነሳች በሐሰተኞቹ ላይ ለጥፋ ነበር። በ1331 በእሳት ተቃጠለች። ሮበርት በ1332 ከአገር እንዲባረርና ንብረቱ እንዲወረስ ተፈረደበት። አርቷም በማኦ የልጅ ልጅ በኩል ወደ ቡርጎኝ መስፍን ቤት ሄደ።

ሮበርት ግን ሸሽቶ እንግሊዝ ገባ። በ1337 ፊሊፕ 6ኛ የእንግሊዙን ንጉሥ የጊየንን ግዛት ሲወርሱ፣ ከሰጡት ምክንያት አንዱ «ጠላቴን አስጠግተሃል» የሚል ነበር። የመቶ ዓመቱ ጦርነት የሚባለው በዚህ ጀመረ። የጦርነቱ ሥር ከአንድ ሰው ውርስ የጠለቀ ቢሆንም፣ ሰበብ ግን ሆኗል። ሮበርት ራሱ በ1342 ቫን በተባለችው የብሪታኒ ከተማ ሲዋጋ ቆስሎ፣ አርቷን ሳያገኝ ሞተ።

የልጅ ልጅ ጥያቄ በኋላ ዘመን መልስ አገኘ። የ1804ቱ የፈረንሳይ ሕግ የሞተ ልጅ ዘሮች እርሱን ተክተው እንዲወርሱ ፈቀደ። ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁትና በ1952 ዓ.ም. በእኛው አቆጣጠር የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በአንቀጽ 842 ይህንኑ ይላል።

ለወጣቱም የነገርኩት ይኼንኑ ነው። ሮበርት ሕጉ አልነበረለትም፤ አንተ ግን አለህ። የሚያስፈልግህ የአባትህ ልጅ መሆንህን የሚያሳይ ማስረጃ እንጂ የሚፈበረክ ኑዛዜ አይደለም። አንድ ሐሰተኛ ወረቀት እውነተኛውን መብትህንም ያስጠረጥርብሃል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሮበርት ያጣው ይህን ትዕግሥት ነው።

ወጣቱ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «የልደት ምስክር ወረቀቴን ነገ ይዤ እመጣለሁ» አለኝ።