ከአፍ እስከ ማይክሮፎን

የመምህር ንግግር ከአዳራሹ ጀርባ በተቀመጠ ስልክ ሲቀዳ፣ ብዙ ጊዜ ተቀድቶ የሚገኘው መምህሩ ሳይሆኑ አዳራሹ ነው፤ የወንበር ሲጢጥታ፣ የጎረቤት ሳል፣ ከባዶ ግድግዳና ከቆርቆሮ ጣሪያ ተመላሽ ማሚቶ። ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ውድ መሣሪያ መግዛትን ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን ማይክሮፎኑ ከተናጋሪው አፍ ምን ያህል ይርቃል የሚለው ነው።

ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ከአፍ በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይወርዳል። ማሚቶው ግን ክፍሉን ከሞላ ጎደል በእኩል ስለሚሞላው እምብዛም አይቀንስም። ከአፍ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ የነበረ ማይክሮፎን 3 ሜትር ከ20 ቢርቅ፣ ርቀቱ አራት ጊዜ ተጣጥፏል፤ ድምፁም 24 ዴሲቤል ወርዷል። በኋላ ማጉላት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ማሚቶውም አብሮ ይጎላል። አማርኛ በዚህ ክፉኛ ይጎዳል። መጥበቅና መላላት ትርጉም ይለውጣሉ፣ በፊደል ግን አይጻፉም፤ ጆሮ የሚለያቸው በድምፁ ርዝመት ነው፤ ማሚቶ ደግሞ ርዝመቱን ያደባልቀዋል። “ጠ”ን ከ“ተ”፣ “ቀ”ን ከ“ከ” የሚለየው አጭር ፍንዳታም አብሮ ይደበዝዛል። ከዓመታት በኋላ ቅጂውን ወደ ጽሑፍ ለሚገለብጥ ሰው ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ስለዚህ ለንግግር የምመርጠው በመቆንጠጫ ልብስ ላይ የምትያዘውን ትንሿን የአንገትጌ ማይክሮፎን ነው። እንዲህ አንሳና ረክሳ የተገኘችው፣ ጄምስ ዌስትና ጌርሃርድ ሴስለር እ.ኤ.አ. በ1962 በቤል ላቦራቶሪ በፈለሰፉት ኤሌክትሬት በተባለው አሠራር ነው። ከአገጭ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብላ ትሰካ። አብዛኞቹ ከየአቅጣጫው ስለሚቀበሉ ተናጋሪው አንገቱን ቢያዞርም ድምፁ ብዙ አይጠፋም። ነጠላ ወይም ጋቢ የለበሱ ተናጋሪ ከሆኑ ግን ጨርቁ እንዳይፈትጋት፣ የአንገት መስቀልም እንዳይነካት ቀድሞ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ የጨርቅ ፍትጊያን በኋላ የሚያጸዳ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ስትገዙ መሰኪያውን ተመልከቱ። ሦስት ቀለበት ያለው ለስልክ የተሠራ ነው፤ አብዛኞቹ መቅጃዎች የሚፈልጉት ባለ ሁለት ቀለበቱን ነው።

መቅጃውን በተመለከተ፣ እንደ ዙም ኤች1ኤን ወይም ታስካም ዲአር-05ኤክስ ያሉት የራሳቸው ማይክሮፎን ስላላቸው ተናጋሪው ፊት ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ ጥሩ ይሠራሉ። ለንግግር ግን ታስካም ዲአር-10ኤልን የመሰለው ይሻላል እላለሁ፤ የአንገትጌዋ ማይክሮፎን ትሰካበትና ኪስ ውስጥ ይገባል፣ በመሀል የሚቆራረጥ የሬዲዮ ሞገድ የለውም። ዋናውን ቅጂ ሲቀዳ ዝቅ ያለ ሁለተኛ ቅጂም ሊይዝ ይችላል፤ ተናጋሪው በድንገት ድምፃቸውን ከፍ ቢያደርጉና ዋናው ቢሰነጠቅ ሁለተኛው ይተርፋል። ጉድለቱ፣ ሲቀዳ ሌላ ሰው ሊያዳምጠው አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ንግግሩ ከመጀመሩ በፊት ጥቂት አስቀድቶ በጆሮ ማዳመጫ መስማት ግድ ነው። የአንድ አዛውንት ሊቅ ንግግር ሁለተኛ አይገኝም።

የድምፅ መጠን ሲስተካከል ከፍተኛው ንባብ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን። መጠኑን በራሱ የሚያስተካክለው ዘዴ ይዘጋ፤ ተናጋሪው ትንፋሽ ሲወስዱ የዝናቡንና የቬንትሌተሩን ድምፅ ከፍ ያደርጋል። ለአንድ ሰው ንግግር ሞኖ ይበቃል። በ44.1 ኪሎኸርትዝና በ16 ቢት የተቀዳ የሞኖ ዌቭ ፋይል በሰዓት 318 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል፤ 32 ጊጋባይት ካርድ ወደ 100 ሰዓት ይይዛል ማለት ነው። በቴሌግራም የሚላከው ኤምፒ3 ከዚህ በኋላ ይሠራል፤ ዋናው ግን ሳይነካ ይቀመጥ። ባትሪው አዲስ ይሁን፤ በመሀል ካለቀ ፋይሉ ሳይዘጋ ሊበላሽ ይችላል።

አዳራሹ ድምፅ ማጉያ ካለው ከሚክሰሩ በገመድ መቀበል ጥሩ ነው፤ የመቅጃው መግቢያ ግን የማይክ ሳይሆን የላይን መሆን አለበት፣ አለዚያ ድምፁ ይሰነጠቃል። በዚህ መንገድ የተቀዳ ንግግር የአድማጩን ጥያቄ አይዝም። ጠያቂው ማይክ እንዲይዝ፣ ካልሆነም መምህሩ ጥያቄውን ደግመው ከተናገሩ በኋላ እንዲመልሱ ቀድሞ መነጋገር ይበቃል።