ለአዳራሽ የሚበቃ የራዲዮ ድምፅ በአነስተኛ ወጪ

የእርሻ ትምህርት በራዲዮ ሲሰጥ ከአዳራሹ ኋላ የተቀመጠ አባል የዘሩን መጠን አሳስቶ ከሰማ ጉዳቱ በማሳው ላይ ይታያል። ይህን ችግር በአካባቢ በሚገኝ ቁሳቁስ ማቃለል ይቻላል።

ከተበላሸ ቴፕ የወጣ፣ ወረቀቱ ያልተቀደደ ሰፊ ስፒከር ለዚህ ይበቃል። ይሁን እንጂ ያለ ሳጥን ከሠራ የፊቱና የኋላው ድምፅ እርስ በርስ ስለሚጠፋፉ ወፍራሙ ድምፅ ይጎድላል። ስለዚህ አናጢው ከደረቅ ጣውላ ሳጥን ይሠራለታል፤ መጋጠሚያውን በኮላ ይደፍናል፤ ውስጡንም ታጥቦ በደረቀ የበግ ጠጉር ወይም በጥጥ ይሞላል።

በስፒከሩ ጀርባ የተጻፈው የኦም ቁጥር ለራዲዮኑ ከተመደበው ማነስ የለበትም፤ 8 ኦም ለሚፈልግ ራዲዮ 4 ኦም ቢቀጠል ራዲዮኑ ሊቃጠል ይችላል። የማኅበር መሪዎች ሽቦውን በራዲዮ ጠጋኝ ማስቀጠል፣ ሳጥኑንም ከተሰብሳቢው ራስ ከፍ አድርገው ማስቀመጥ ይኖርባቸዋል።