የቦርከና ወንዝና የጨፋ ረግረግ፦ ታሪኩ፣ የዱር ሕይወቱና የዜጎች መብት

የቦርከና ወንዝ ከደሴ ዙሪያ ተራሮች ተነስቶ ኮምቦልቻ ከተማን በማቋረጥ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይፈስሳል። በከሚሴ አካባቢ ሲደርስም በጨፋ ሜዳ ላይ እየተንጣለለ ሰፊ ረግረጋማ መሬት ይፈጥራል።

ይህ ረግረግ በበጋ ወራት የአፋር፣ የኦሮሞ፣ የአርጎባና የአማራ አርብቶ አደሮችና አርሶ አደሮች ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት የጋራ ግጦሽ ሆኖ ለረጅም ዘመን አገልግሏል። ቄጤማውና ደንገሉ ለሽመላ፣ ለይብራና ለሌሎች የውሃ አዕዋፍ መጠለያ ነው። ረግረጉ የክረምት ጎርፍን ያበርዳል፤ ደለልን ያስቀራል፤ የከርሰ ምድር ውሃንም ይመግባል።

ኮምቦልቻ በጨርቃጨርቅ፣ በቢራና በቆዳ ፋብሪካዎቿ የታወቀች ስትሆን፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ይገኝባታል። በመሆኑም ከከተማዋ በአግባቡ ሳይጣራ የሚለቀቅ ፍሳሽ ከወንዙ በታች ያሉትን ሰዎች፣ ከብቶችና አዕዋፍ ይጎዳል። ረግረግ ውሃን የማጣራት አቅም ቢኖረውም፣ ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣን እንደ ክሮሚየም ያለ ብረት ግን ሊያጠፋው አይችልም፤ በደለሉ ውስጥ ያከማቸዋል።

በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት ማንኛውም ሰው በግል የደረሰበትን ጉዳት ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት በሚያደርስ ወይም ሊያደርስ በሚችል አካል ላይ ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ካልተስማማ፣ በ60 ቀናት ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ የመመሥረት መብት አለው። አቤቱታ አቅራቢዎች ፍሳሹ የታየበትን ቦታ፣ ቀንና ሰዓት በጽሑፍ ቢይዙ ማጣራቱን ያቀልላሉ።