ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል የሚዞረው ባለሙያ

ሙያ ያለው ሰው በሄደበት ሁሉ እንጀራውን አያጣም። ነገር ግን ሙያውን ይዞ በየሦስት ወሩ ከተማ የሚለውጥ ሰው ከእንጀራው ጋር ምን ያህል ኀላፊነት እንደሚሸከም የሚያስብ ጥቂት ነው። በአሜሪካ ይህን ኑሮ ከሚኖሩት መካከል ኤም አር አይ በተባለው መሣሪያ የበሽተኛን የውስጥ አካል የሚያነሡ ተጓዥ ባለሙያዎች ይገኛሉ።

የአሠራሩ ደንብ እንዲህ ነው። አንድ ሆስፒታል ሠራተኛ ሲለቅበት ወይም ለወሊድ ዕረፍት ስትወጣበት፣ ቋሚ ሰው እስኪያገኝ ድረስ በአስቀጣሪ ድርጅት በኩል ባለሙያ ያስመጣል። ውሉ ብዙውን ጊዜ የ13 ሳምንት ነው። ከደመወዙ ሌላ ለቤት ኪራይና ለምግብ አበል ይታሰባል። ይሁን እንጂ አበሉ ከግብር ነጻ የሚሆነው ባለሙያው በሌላ ስፍራ ወጪ የሚያወጣለት ቋሚ መኖሪያ ሲኖረው ነው፤ በአንድ ቦታ ከአንድ ዓመት በላይ ለመቆየት ያሰበ እንደ ሆነም ይህ መብት ይቀርበታል። እንደዚሁም የሥራ ፈቃዱ ሕግ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ይለያያል። ስለዚህ ገንዘቡን ብቻ አይቶ የተነሣ ሰው ኋላ መቸገሩ አይቀርም።

ከገንዘቡ የሚበልጠው ጉዳይ ግን የማግኔቱ ነው። በሆስፒታሎች ከተለመዱት አንዱ፣ ባለ 1.5 ቴስላው፣ ከምድር የማግኔት ጉልበት ወደ 30,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በአብዛኞቹ መሣሪያዎች ጥቅልሉ ሽቦ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ በቀዘቀዘ ፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ የተዘፈቀ ስለ ሆነ ኤሌክትሪኩ ያለ መሰናክል ይዞራል። ስለሆነም ማግኔቱ ሌሊትም ሆነ በበዓል ቀን፣ በሽተኛ በሌለበትም ሰዓት ቢሆን አይተኛም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር አንድ የ6 ዓመት ልጅ በመሣሪያው ውስጥ ተኝቶ ሳለ፣ ወደ ክፍሉ የገባ የብረት የኦክሲጅን ሲሊንደር በማግኔቱ ተስቦ ራሱን መታውና ለሞት አበቃው።

እንግዲህ ተጓዡን ባለሙያ እናስበው። ሰኞ ጧት ማንንም ወደማያውቅበት ሆስፒታል ይገባል። ባለፈው ቦታ የሠራበት መሣሪያ የሲመንስ ከነበረ የዛሬው የጂ ኢ ወይም የፊሊፕስ ሊሆን ይችላል፤ የእያንዳንዱም አሠራር የራሱ ነው። ማግኔት የማይስበው አልጋ የት እንደሚቀመጥ፣ በሩን ማን እንደሚጠብቅ፣ አደጋ ቢደርስ ማን እንደሚጠራ ገና አልለየም። ሐኪሙ ይቸኩላል፤ ተራ ጠባቂው በዝቷል። በዚህ መካከል የመጣው በሽተኛ በደረቱ ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ፣ ወይም በአንጎሉ የደም ሥር ላይ የብረት መቆንጠጫ ሊኖረው ይችላል። ዐይነቱ ሳይታወቅ ወደ ውስጥ ማስገባት ሕይወቱን ለአደጋ መስጠት ነው።

ፈተናው እዚህ ላይ ነው። እንግዳ ሰው «አስቸጋሪ ነው እንዳልባል፣ ውሌም ሳይታደስ እንዳይቀር» ብሎ ዝም ማለት ይቀለዋል። ባለሙያ የሚያሰኘው ግን «ወረቀቱ ተመርምሮ እስኪጣራ ድረስ ይቆይ» ብሎ በሩን መዝጋቱ ነው። ለ13 ሳምንት የመጣ ቢሆንም የበሽተኛው ሕይወት ጊዜያዊ አይደለም።

ትምህርቱን ጨርሶ ወደማያውቀው መሥሪያ ቤት የሚሄድ ወጣትም ከዚህ የሚማረው አለ። ዲፕሎማው ከእርሱ ጋር ይሄዳል፤ የቦታው ዕውቀት ግን በየደረሰበት እንደ ገና የሚገኝ ነው። አባቶች «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ያሉትም ስለዚህ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ለመጠየቅ ያፈረ ሰው የዕፍረቱን ዋጋ በሌላው ላይ ይጥላልና።