ቀሚሱ ሄደ፣ ገንዘቡ ተመለሰ

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የሀበሻ ቀሚስ በኢንተርኔት እየሸጡ ወደ ዋሽንግተን ለሚልኩ አነስተኛ ነጋዴዎች የሚያሰጋው የገዢ መጥፋት ብቻ አይደለም። የተከፈለ ሒሳብም ተመልሶ ሊወሰድ ይችላል።

በቪዛና በማስተርካርድ ደንብ ገዢው «ዕቃው አልደረሰኝም» ወይም «ያዘዝኩት አይደለም» ብሎ ለባንኩ ለማመልከት በአብዛኛው 120 ቀናት አለው። ሻጩ በጊዜው ማስረጃ ካላቀረበ ገንዘቡ ከሒሳቡ ይነሳል። ክፍያው ውጭ አገር ባለ ዘመድ ሒሳብ ከገባ ደግሞ ተከራካሪው ዘመድ፣ ከሳሪው ነጋዴ ይሆናል።

ትላልቅ ላኪዎች በሌተር ኦፍ ክሬዲት ይሸጣሉ፤ ለአንድ ቀሚስ ግን የባንኩ ወጪ ትርፉን ይበላዋል። በዘመድ በኩል የቀረ ዶላር በላኪነት ስለማይመዘገብ፣ ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለላኪዎች የፈቀደውን ከውጭ ምንዛሪ ገቢ 50 በመቶ የመያዝ መብትም አያስገኝም።

ስለዚህ ልክና ቀለም በጽሑፍ ይረጋገጥ፤ ዕቃው በኢ.ኤም.ኤስ. ተልኮ የመረከቢያ ፊርማው ይያዝ። ከተቻለም ቅድሚያ ክፍያ በባንክ ይምጣ፤ በባንክ የተላለፈ ገንዘብ እንደ ካርድ ክፍያ በቀላሉ አይመለስም። በካርድ የሸጠ ግን 120ው ቀን ሳያልፍ «አተረፍኩ» አይበል።